ስለ ገደል አወጣጥና ስለ ገደል አጠባበቅ

በሸዋ ሮቢት ከተማ ቆሞ ፊቱን ወደ ምዕራብ የመለሰ ሰው ሰማዩን የሚጋርድ ታላቅ ተራራ የቆመ ይመስለዋል። ዳሩ ግን ያ የሚታየው ተራራ ሳይሆን የደጋው ምድር ጠርዝ ነው። የሸዋ ሮቢት ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ያህል ሲሆን የጣርማ በር ከፍታ ግን ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ከደብረ ሲና እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው የመኪና መንገድ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ ጧት ገብስና ባቄላ ከሚዘራበት ብርድ የተነሣ መንገደኛ ገና ረፋዱ ሳያልፍ ማሽላና ማሾ ከሚበቅልበት ሙቀት ይደርሳል። በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው ግን ሜዳ አይደለም፤ ገደል ነው።

ገደል በአገራችን ቋንቋ ስሙ የከፋ ነው። የተቈጣ ሰው «ገደል ግባ» ብሎ ይረግማል፤ ሥራው የተበላሸበትንም «ነገሩ ገደል ገባ» ይሉታል። ይህም ያለ ምክንያት አልመጣም፤ ገደል አይታረስም፥ ቤትም አይሠራበትም፥ የወደቀበትንም አይምርም። ስለዚህ ብዙ ሰው ገደልን ባለቤት የሌለው ባዶ ስፍራ አድርጎ ይቈጥረዋል። ሆኖም የይፋት ሰው ከገደል ርቆ የኖረበት ዘመን የለም። አንዱ የገደል ማር ለመቍረጥ፥ አንዱ ለከብቱ ሣር ለማጨድ፥ አንዱ የጠፋች ፍየል ለመፈለግ፥ አንዱም ወደ ገበያ የሚወስደውን መንገድ ለማሳጠር ገደል ይወጣል፥ ይወርዳል። በዚህ ዘመን ደግሞ ለጨዋታና ለአካል ማጠንከሪያ ብለው በገመድ ገደል የሚወጡ ሰዎች በዓለም ላይ በዝተዋል። ስለዚህ ገደል ምን እንደ ሆነ፥ ማን እንደሚኖርበት፥ የሚወጣውም ሰው ራሱን፥ ከበታቹ ያለውን ሰውና ገደሉን ራሱን ሳይጐዳ እንዴት እንደሚወጣ ለሕፃናት ማስረዳት የመምህራን ሥራ ነው፤ ሽማግሌዎችም ከመምህራኑ ይልቅ የሚያውቁት ብዙ ነገር ስላለ ሊረዷቸው ይገባል።

በመጀመሪያ የገደሉን አፈጣጠር ማወቅ ያስፈልጋል። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ ቀልጦ የወጣ ድንጋይ እንደ ፈሳሽ እየተነጠፈ፥ አንዱ ንጣፍ በሌላው ላይ እየተደረበ የሸዋን ደጋ ሠራ። ከዚያ በኋላ ምድር በረዥም ዘመን እየተሳበች በአፋር በኩል ያለው ወገን ዝቅ አለ፤ የቀረው ወገን ጠርዙን እንደ ያዘ ቆመ። የቀለጠው ድንጋይ ሲቀዘቅዝ ጥቂት ይጨማደዳል፤ በተጨማደደም ጊዜ የረጋ ጭቃ ሲደርቅ እንደሚሰነጠቅ እርሱም ከላይ ወደ ታች ይሰነጠቃል። በብዙ ገደል ላይ ድንጋዩ እንደ ተጠረበ ግንድ ተሰልፎ የሚታየው ስለዚህ ነው። በንጣፎቹም መካከል በብዙ ስፍራ የላላ ቀይ አፈር ወይም አመድ የመሰለ ነገር ይገኛል። የክረምት ዝናብ በስንጥቁ ይገባል፤ ከላላው አፈር ሲደርስ ግን ወደ ጐን ይሄድና ምንጭ ሆኖ ይወጣል። እንግዲህ ከሩቅ ሲያዩት አንድ ወጥ የሚመስለው ዐለት በእውነቱ ለየብቻ የቆሙ ድንጋዮች ሰልፍ ነው፤ መሠረቱም በየክረምቱ የሚርስ አፈር ነው። ገደል የሚወጣ ሰው ሁሉ ይህን ቢያውቅ ብዙ አደጋ በቀረ ነበር።

የዚህ ነገር እውነተኛነት በ1998 ዓ.ም. መባቻ በደብረ ሲና አካባቢ ታይቷል። በይዛባና በሾተል አምባ በኩል ክረምቱ እንዳለቀ ሰፊ መሬት ከነቤቱና ከነእርሻው ተንሸራተተ፤ ብዙ መቶ ቤቶች ፈረሱ፥ እጅግ ብዙ ሕዝብም ከመኖሪያው ተፈናቀለ። ያን መሬት ያንሸራተተው የሰው እግር አይደለም፤ ውሃ የጠገበ የላላ አፈርና የቍልቍለቱ ብርታት ናቸው። ቢሆንም ጠርዙን በሥሩ አቅፎ የያዘውን ዛፍ የሚቈርጥ፥ ሣሩንም የሚያቃጥል ሰው የውሃውን ሥራ ያግዛል።

ገደሉ ባዶ አለመሆኑን ለማወቅ መምህሩ ተማሪዎቹን አንድ ቀን ማታ ፀሐይ ሳትገባ ከጠርዙ ራቅ ብሎ አስቀምጦ ቢያሳያቸው ይበቃል። በጣርማ በር አጠገብ የምኒልክ መስኮት በሚባለው ስፍራ ቀን በሜዳው ሣር ሲነጩ የዋሉት ጭላዳዎች በመሸ ጊዜ ግልገሎቻቸውን አዝለው ወደ ገደሉ ሲወርዱ ይታያሉ። ጭላዳ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ በየትም አገር በዱር አይገኝም። ሌሊት የሚያድረው ነብርና ጅብ በማይደርስበት በዐለቱ እርከን ላይ ነው። ሰው ያንን እርከን በጩኸትና በድንጋይ ቢያውክበት የሚሸሽበት ሌላ ቤት የለውም።

ከጭላዳው በታች ሽኮኮ በስንጥቅ ውስጥ ይኖራል፤ ሰስም በድንጋይ ጫፍ ላይ ትቆማለች። ከአንኮበር እስከ ደብረ ሲና በጠርዙ ላይ የተዘረጋው የወፍ ዋሻ ደን ጥድና ዝግባ ከገደሉ ጋር ተያይዞ የቆመ ነው፤ ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ ሲጠበቅ እንደ ኖረም ይነገራል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1976 ዓ.ም. ጆን አሽ የሚባሉ የአዕዋፍ ተመራማሪ በአንኮበር አጠገብ በዚሁ ጠርዝ ላይ ከዚያ በፊት በሳይንስ ያልታወቀች አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ አዩ፤ በ1979ም ስሟ በአንኮበር ተሰይሞ በሳይንስ መዝገብ ተጻፈ። ለብዙ ዓመታት ከዚህ ጠርዝ በቀር የምትታወቅበት ስፍራ አልነበረም፤ ኋላ ግን በስሜን ተራሮችም ተገኘች። በጠርዙ የሚኖሩ እረኞች ወፊቱን ከተመራማሪው በፊት ሺህ ጊዜ አይተዋት እንደ ነበረ አያጠራጥርም፤ ዳሩ ግን የጠየቃቸው አልነበረም።

ስለ ጥንብ አንሣ ግን ሰፋ አድርጎ መናገር ያስፈልጋል፤ ሰው ይህን አሞራ ይንቀዋልና። ጥንብ አንሣ የሞተውን ከብት በፍጥነት ጨርሶ ባይበላው ኖሮ ሽታውና በሽታው በመንደሩ ላይ በቀረ ነበር። ጐጆውን የሚሠራው በገደል እርከን ላይ ነው። በኢትዮጵያ ገደሎች ላይ ከሚኖሩት የጥንብ አንሣ ዘሮች አንደኛው፥ ላባው የተጠቃጠቀው፥ በዓመት የሚጥለው አንድ እንቍላል ብቻ ነው። ሁለት ወር ያህል ይታቀፈዋል፤ ጫጩቱም ከተፈለፈለ በኋላ ለመብረር አምስት ወር ያህል ይቈያል። እንግዲህ በእነዚህ ሰባት ወራት ውስጥ ሰው አንድ ጊዜ ወደ ጐጆው ቢወጣና ወላጁ ደንግጦ ቢነሣ እንቍላሉ ይቀዘቅዛል፥ ወይም ቍራ ይበላዋል፤ የዚያ ዓመት ልፋት በሙሉ ጠፋ ማለት ነው። ይህ አሞራ ስለ ተመናመነ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2015 ዓ.ም. የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ጨርሰው ሊጠፉ ከተቃረቡት ፍጥረታት መካከል መዝግቦታል። ለጅብና ለውሻ ተብሎ በሥጋ ውስጥ የሚደረግ መርዝ ዋነኛ ገዳዩ ነው፤ በጐጆው ዙሪያ የሚደረግ ሁከት ደግሞ ቀሪውን ያሳንሰዋል።

ስለ አወጣጥ ሲነገር ከገደል እንስሳት መማር ይቻላል። የሽኮኮ ውስጥ እግር እንደ ጎማ ለስላሳ ነው፤ ዘወትር በላብ ስለሚርስም ከድንጋዩ ጋር ይጣበቃል። ሰስ በሰኰናዋ ጫፍ ብቻ ስለምትቆም የእጅ መዳፍ የማትሞላ ስፍራ ትበቃታለች። ሰው እንዲህ ያለ እግር የለውም፤ ስለዚህ በእግሩ ብቻ ሊተማመን አይችልም። ሁለት እጅና ሁለት እግር አራት ናቸው፤ ገደል የሚወጣ ሰው ከአራቱ አንዱን ብቻ ያንቀሳቅስ፥ ሦስቱ ግን ዘወትር ዐለቱን እንደ ያዙ ይሁኑ። እጅ የሚይዘውን ድንጋይ ክብደት ሳይጥሉበት አስቀድሞ በጡጫ መምታት ነው፤ ድፍን ድምፅ ከሰጠ ይያዛል፥ እንደ ከበሮ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ግን ከዐለቱ ተላቆ የቆመ ስለ ሆነ አይነካም። መውጣት ከመውረድ ይቀላል፤ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው የሚረግጠውን ያያል፥ የሚወርደው ግን አያይም። ብዙ ልጆች በቀላሉ ከወጡበት ስፍራ መውረድ አቅቷቸው የሚያለቅሱት በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ መውረጃውን ሳያውቁ መውጣት ድፍረት እንጂ ጀግንነት ሊባል አይገባም።

ዝናብ በዘነበ ማግስት፥ ጉም በወረደ ጊዜ፥ በምሽትም ገደል አይወጣም። ከዝናብ በኋላ ዐለቱ ደርቆ ቢታይም በውስጡ ያለው አፈር ገና ርጥብ ነው፤ ፀሐይ ሲመታውም ድንጋይ ይለቃል። ብቻውን የሚወጣ ሰው ቢወድቅ የሚያወራለት እንኳ የለም፤ ስለዚህ ቢያንስ አንድ ሰው ከታች ሆኖ ይጠብቅ፥ ሆኖም በቀጥታ ከወጪው በታች አይቁም። ገመድ የሚጠቀም ሰው ገመዱን ከመያዙ በፊት ከዳር እስከ ዳር በጣቱ እየዳሰሰ ይመርምር። የላላ ወይም የተቈረጠ ጭረት ያለበት ገመድ በሬ ለመጥመድ ይበቃ ይሆናል፤ የሰው ነፍስ ለመያዝ ግን አይበቃም።

በይፋት ልጆች ዘንድ አንድ ክፉ ጨዋታ አለ፤ ይኸውም ከጠርዝ ላይ ድንጋይ እየገለበጡ ወደ ታች መልቀቅ ነው። ድንጋዩ ሲንከባለል፥ ሲያስተጋባም መስማት ልጅን ያስደስታል። መምህሩ ይህን ከመገሠጽ ይልቅ በሒሳብ ቢያስተምረው የተሻለ ነው። አየሩ የሚያዘገየው ባይቈጠር፥ ከ20 ሜትር ከፍታ የወደቀ ድንጋይ ከመሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ከ100 ሜትር የወደቀው ደግሞ በአራት ሰከንድ ተኩል ውስጥ ይደርሳል፥ ፍጥነቱም በሰዓት ወደ 160 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከታች በእግር መንገድ ላይ እንጨት ተሸክማ የምትሄድ ሴት ጩኸት ሰምታ ቀና እስክትል ድረስ አራት ሰከንድ አይበቃትም። ልጆቹ ሒሳቡን ራሳቸው በሰሌዳ ላይ ከሠሩት በኋላ ጨዋታው ለአብዛኞቹ አይጥማቸውም። ሳያስበው ድንጋይ ያስለቀቀ ሰው ደግሞ ወዲያው «ድንጋይ!» ብሎ መጮኽ አለበት፤ የሰማውም ቀና ብሎ ከማየት ይልቅ ከዐለቱ ጋር ተለጥፎ ራሱን በክንዱ ይሸፍን።

ማር ቈራጮች ስለ እሳት ሊመከሩ ይገባል። ንቡን ለማባረር ችቦ አቀጣጥሎ በዋሻው አፍ ላይ መያዝ የቈየ ልማድ ነው፤ ነገር ግን ነበልባሉ ንቡንም እጩንም ይፈጃል። ብልጭታውም ከደረቀው ሣር ላይ ሲወድቅ ገደሉ ከእሬቱና ከቍጥቋጦው ጋር ይነዳል። የገደል ቃጠሎ ደግሞ ሊያጠፉት አይቻልም፥ እሳቱ ካለበት የሚደርስ ሰው የለምና። በደረቅ ኩበት የሚጤስ ጭስ ያለ ነበልባል ንቡን ያደነዝዘዋል። እጭ ያለበትንና ከማሩም ጥቂቱን ትቶ የሚወርድ ሰው በሚመጣው ዓመት ከዚያው ስፍራ ይቈርጣል፤ ሁሉን ያወረደ ግን ሌላ ገደል መፈለግ አለበት። ከሁሉም የሚሻለው ግን ቀፎ በጓሮ ሰቅሎ ንብ ማነብ ነው።

በዐለት ስንጥቅ ውስጥ የበቀለ ዛፍ ክንድ የሚያህል ቢሆን ሰው ወጣት ተክል ይመስለዋል፤ ይይዘዋል፥ ይረግጠዋል፥ ይቈርጠዋልም። በካናዳ አገር የናያግራ ገደል በሚባለው ረዥም ጠርዝ ላይ ግን የጕዌልፍ ዩኒቨርሲቲው ዳግላስ ላርሰንና ባልደረቦቻቸው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ እንዲህ ያሉ ቀጫጭን ዛፎችን መርምረው ከመካከላቸው ከ1,000 ዓመት በላይ የኖሩ አገኙ። አፈርና ውሃ ያነሰው ዛፍ አያድግም እንጂ ይኖራል፤ መጥረቢያና እሳት ስለማይደርሱበትም ከሜዳው ዛፍ ይልቅ ዕድሜው ይረዝማል። በኋላም ሰዎች ዘወትር በሚወጡበት ገደል ላይ እንደዚህ ያሉ ዛፎች ቍጥራቸው እንዳነሰና ብዙዎቹም እንደ ቈሰሉ ተረጋገጠ። የይፋትን የገደል ጥድ ዕድሜ በዓይን ገምቶ «ይህ ትንሽ ነው» ማለት ስሕተት ሊሆን እንደሚችል ከዚህ ይታወቃል።

በአገራችን ሰዎች ገደልን ሳይጐዱ እጅግ ረዥም ዘመን ከወጡበት ስፍራ አንዱ በትግራይ የሚገኘው ደብረ ዳሞ ነው። ገዳሙን በ6ኛው መቶ ዓመት አቡነ አረጋዊ እንደ መሠረቱት ይታመናል። ወንዶች ወደ ላይ የሚወጡት 15 ሜትር ያህል በሚሆን የጠፍር ገመድ ነው፤ ሁለተኛ ጠፍር በወገባቸው ታስሮ ከላይ ያለው መነኵሴ ይስበዋል። በዐለቱ ላይ በሰው እጅና እግር ከመለስለሱ በቀር ይህ ነው የሚባል ጕዳት የለም፤ ገመዱ ሲያረጅ ይለወጣል፥ ዐለቱ ግን አይለወጥም። በአሜሪካ አገር ዮሴሚቲ በሚባለው ሸለቆ የሆነው ግን ሌላ ነው። በዚያ የሚወጡ ሰዎች በየስንጥቁ የብረት ችንካር በመዶሻ ይመቱና ይነቅሉ ስለ ነበር ዐለቱ እየሰፋና እየተፈለጠ ሄደ። በመጨረሻ ይህን ልማድ ከተቃወሙት ዋነኛው ይቮን ሹናርድ የተባለው ሰው ነው፤ እርሱም ራሱ ያንን ችንካር እየቀጠቀጠ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1972 ዓ.ም. ለገበያ ባወጣው የዕቃ መዝገብ ውስጥ ደንበኞቹ ችንካሩን እንዲተዉ፥ በምትኩም በእጅ ገብቶ በእጅ የሚወጣ ሽብልቅ የመሰለ ብረት እንዲጠቀሙ መከረ። የገዛ ዕቃውን አትግዙ የሚል ነጋዴ ብዙ አይገኝም።

በይፋት መዶሻ ይዞ ገደል የሚወጣ ሰው እስካሁን ጥቂት ነው፤ ስሙን በቀለምና በብረት የሚጽፍ ግን አለ። በቀድሞው የይፋት ሱልጣኔት ዘመን፥ ይኸውም ከ13ኛው እስከ 15ኛው መቶ ዓመት፥ በዚህ ቍልቍለት ላይ የተሠሩ ከተሞች ፍርስራሽ እንደ ኖራና እንደ አስባሪ ባሉ ስፍራዎች ይገኛል። ከዚያ ድንጋይ እያነሡ ለአጥር ማድረግ የአባቶችን መጽሐፍ ቀዶ ለእሳት መለኰሻ እንደ ማድረግ ይቈጠራል። በምኒልክ መስኮት ለጭላዳ ዳቦ የሚጥል መንገደኛም ደግ የሠራ ይመስለዋል፤ ጭላዳው ግን ሣር መብላቱን ትቶ የመኪና መንገድ ዳር መጠበቅ ይማራል፥ ከዚያም በመኪና ይገጫል።

የትኛው ገደል መቼ እንደሚወጣ፥ መቼም እንደሚዘጋ መወሰን የሽማግሌዎች ነገር ነው፤ ለዚህም ምሳሌው ሩቅ አይደለም። ከይፋት በላይ በመንዝ የሚገኘው የጓሳ ምድር ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የቄሮ ሥርዓት በሚባል የሕዝብ ደንብ ሲጠበቅ ኖሯል። ሕዝቡ አለቃ ይመርጥ ነበር፤ ሣሩ እንዲያገግም ምድሩ ለዓመታት ይዘጋና በተወሰነ ቀን ይከፈት ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያናጋውም ሕዝቡ ጥበቃውን ጨርሶ አልተወም። እንደዚሁ የይፋት መንደር ሽማግሌዎች አሞራ የሚታቀፍበትን ገደል አሞራው ከተቀመጠበት ቀን ጀምሮ ጫጩቱ እስኪበር ድረስ ቢዘጉት፥ ተማሪዎችም ከሩቅ እያዩ ቀኑን በደብተር ቢመዘግቡ፥ በጥቂት ዓመት ውስጥ ማንም የውጭ ሰው የሌለው መዝገብ በመንደሩ ትምህርት ቤት ይገኛል።

ከገደል የወደቀ ሰው ቢገኝ በፍጥነት ብድግ አድርጎ ማቆም ትልቅ ጥፋት ነው። ካለበት ድንጋይ የሚወርድበት ካልሆነ በቀር አንገቱንና ጀርባውን ሳያንቀሳቅሱ፥ ደም የሚፈሰውን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቀው ይዘው፥ በሳንቃ ወይም በቃሬዛ ላይ ቀጥ አድርገው አስተኝተው ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል። ለተጠማውም ቢሆን ሐኪም ሳያየው ውሃ አይሰጠውም።

በጠርዝ አጠገብ ያለ ትምህርት ቤት ሊሠራው የሚገባ አንድ ሌላ ሥራ አለ። ከጠርዙ በላይ በሜዳው ላይ ረዥም ስንጥቅ ከታየ፥ ዛፎች ወደ ቍልቍለቱ ከዘመሙ፥ ምንጭ ባልነበረበት ውሃ ከወጣ፥ መሬቱ መንቀሳቀስ ጀምሯል ማለት ነው። መምህሩ ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ ሁለት ጠንካራ ካስማ ያስተክል፤ በመካከላቸው ያለውን ርቀት በየሳምንቱ ሰኞ፥ ክረምት ሲሆን ደግሞ በየቀኑ ከሁለት ታላላቅ ተማሪዎች ጋር በሜትር ለክቶ ከነቀኑ ይጻፍ። ርቀቱ ከአንድ መለኪያ ወደ ሌላው እየጨመረ ከሄደ በዚያው ቀን ለቀበሌው ያስታውቅ፤ ከጠርዙ በታች ያሉት ቤቶችም ሌሊቱ ሳይመጣ ሰዎቻቸውንና ከብቶቻቸውን ያውጡ።